የአራሷ በግ ደም

እኔ ለመማር የማንንም ደጅ አልጠናሁም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ዛሬ ሰው ሁሉ አስተማሪው ማን እንደነበረ፣ ከየትኛው አገር እንደተመለሰ ሲያወራ ስለምሰማ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ እሱን አልክድም። እንግሊዝኛውን ግን ጠርዙ ከተቦጫጨቀ አንድ መዝገበ ቃላት፣ ሌላውን እውቀት ሁሉ ደግሞ እጄ ከገባው መጽሐፍ ለቀምኩት። አስተማሪውም እኔ፣ ተማሪውም እኔ ነበርኩ፤ ሁለታችንም ሰነፎች አልነበርንም።

በንጉሡ ዘመን መርካቶ ውስጥ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ በነበረ የክር አስመጪ መጋዘን ቦንዳ ፈቺ ነበርኩ። ክሩ ከባሕር ማዶ ሲመጣ በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ በብረት መቀነት ታስሮ ነው፤ ቦንዳ የምንለው ያንን ነው። መቀነቱን ያለቦታው የቆረጠ ሰው ብረቱ ተወንጭፎ ፊቱን ይሸረክተዋል። እኔን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ጭረት አላገኘኝም። ባልንጀሮቼ እየቆረጡ ያያሉ፤ እኔ አይቼ እቆርጣለሁ። ከብረቱና ከጆንያው ሥር ደግሞ እያንዳንዱ የክር ጥቅል ለብቻው በወረቀት ተሸፍኖ ይገኛል። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ጥቅሎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ወረቀቱ ከተቀደደ ግን ክር ክርን ይፈልጋል፤ ይያያዛል፣ ይተበተባል፣ ከዚያ ወዲያ መፍታት ዘበት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ምን አለሽ ተራ አጠገብ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። የሚገዟቸው በርበሬና ስኳር የሚቸረችሩት ናቸው፤ ለመጠቅለያ። እኔ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እዚያ ሄጄ ክምሩን እበረብራለሁ። አንድ ቀን ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ፤ ስለ ሰው ደም ነበር። ሻጩ ወረቀቱ ስለሚያንሸራትት ለመጠቅለያ እንደማይሆነኝ ነገረኝ፤ ሊያነበው የሚወስድ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። አንድ ክረምት ሙሉ መዝገበ ቃላቱን በአንድ ጉልበቴ፣ መጽሐፉን በሌላው አድርጌ ጨረስኩት። የመጋዘኑ ሰዎች «ዶክተር ቦንዳ» የሚል ስም ያወጡልኝ ያኔ ነው። ለማሾፍ ነበር፤ እኔ ግን በደስታ ተቀበልኩት።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልቤን የወሰደው ትሮምቢን የሚባለው ነገር ነው። ሰው ሲቆረጥ ደሙ ለምን ይረጋል ብዬ የጠየቅኳቸው ሁሉ «ስለሚበርደው ነዋ» ይሉኝ ነበር። ብርድ አይደለም። ደም ውስጥ ፋይብሪኖጅን የሚባል ክር ሟሙቶ ይዞራል፤ መያያዣው በትንንሽ መሸፈኛ ስለተከደነ ከጓደኛው ጋር አይገናኝም። በወረቀት የተሸፈነው የእኔ ጥቅል ማለት እሱ ነው። ትሮምቢን መጥቶ መሸፈኛውን ቆርጦ ይጥልለታል። ከዚያ ክር ክርን ይይዛል፣ መረብ ይሆናል፣ ቀዩ ደም መረቡ ውስጥ እንደ ዓሣ ይቀራል፤ ቁስሉም ይደፈናል። ቆራጩ በሥራው አያልቅም። አንዱን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ልክ እንደ እኔ።

እንዲህ ያለ ስለታም ነገር ተመዝዞ በደም ሥር ቢዞር ግን ሰውዬው ቆሞ ሳለ ደሙ በረጋበት ነበር። ስለዚህ ጉበት የሚለቀው ከነሰገባው ነው፤ ያኔ ስሙ ፕሮትሮምቢን ይባላል፣ ማንንም አይነካም። የደም ሥር ሲቀደድ አንዱ ቀስቃሽ ሌላውን፣ ሌላው ቀጣዩን እያስነሳ ይመጣና የመጨረሻው ሰገባውን ይቆርጥለታል። ትሮምቢንም ነጻ ሲወጣ መልሶ ቀስቃሾቹን ያበረታል፤ ሥራው እንዳይቀዘቅዝ። ሲበቃ ደግሞ ይዞ የሚያስቆመው ሌላ አለ።

ቅርጹን ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ያ መጽሐፍ ሲታተም ገና የሚያውቀው አልነበረም። ድብልብል ነገር ነው፤ ሁለት ሰንሰለቶች፣ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም፣ በድኝ ድልድይ ተያይዘው የተጠቀለሉበት። ፊቱ ላይ ጥልቅ ስንጥቅ አለው። የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ውስጥ ስላጎነበሱ ያገኘው ሁሉ ዘሎ አይገባበትም፤ መቁረጫው ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተቀራርበው የቆሙበት። ከስንጥቁ ውጭ ደግሞ ክሩን የሚጨብጥበት መዳፍ መሰል ቦታ አለ። በመዳፉ ይይዛል፣ በስንጥቁ ይቆርጣል። እኔም ቦንዳ የምፈታው እንዲሁ ነበር፤ ግራዬ ይይዛል፣ ቀኜ ይቆርጣል። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ትሮምቢንንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ጉዳይ ልምጣ።

በተከራየሁበት ግቢ ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሚስቱና ከእናቱ ጋር ይኖራል። ሚስቱ ጸጥ ያለች ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ ነበር፤ እንደ ወጉ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፣ ደሙ አልቆም አለ፣ ሞተ። ይህ የሆነው እኔ ወደ ግቢው ከመግባቴ በፊት ነው። የሰፊው እናት ከጎጃም የመጡ፣ አንዴ ያሉትን የማይመልሱ ሴትዮ ነበሩ። ልጁን የገደለው የገራዡ እጅ ክብደት ነው ብለው ደምድመዋል።

አንድ ቀን ሚስቱ ልብስ እያሰጣች ስለ ወንድሟ አጫወተችኝ። ጎረምሳ ሳለ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ደሙ ሲፈስ ሰንብቶ ሞቷል። የእናቷ ወንድም ደግሞ ጉልበቱ እየተነፋ አንካሳ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ዝም ብዬ አላዳመጥኩም፤ ጠየቅኋት። ሴቶቹስ? ሴቶቹ ደህና ናቸው አለች። ወዲያው ገባኝ። መጽሐፌ ላይ ያለ ነገር ነው፤ እናቲቱ ሳትታመም ትይዘዋለች፣ ለወንድ ልጇ ታወርሰዋለች፤ ለሁሉም ባይሆን ለአንዳንዱ። የእነዚህ ሰዎች ትሮምቢን ራሱ ጤነኛ ነው። የጎደለው ከቀስቃሾቹ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ከሰገባው የሚወጣው ጥቂት ነው፣ እሱም ዘግይቶ። ክሩ ሞልቶ ተርፎ ወረቀቱን የሚቀድድለት ሳይደርስ ደሙ ያልቃል።

ያኔ እርጉዝ ነበረች። ወንድ ወለደች።

ነገሩን ለባልየው ያስረዳሁት በወለደች በማግስቱ ነው። ሆስፒታል ወስደው ደሙን በመስታወት ቱቦ አድርገው ይዩለት፣ እስከዚያ ምላጭ አይንካው አልኩ። እሱ ሐሳቡ ተከፈለ፤ የመጀመሪያ ልጁን በገዛ እጁ የቀበረ ሰው ነው። እናትየው ግን ሰሙ። ሆስፒታሉ አይሆንም፣ ስምንተኛው ቀን ያልፋል አሉ፤ ያልተገረዘ ልጅ ታቅፈው ለክርስትና ቤተ ክርስቲያን እንደማይቆሙም ጨመሩ። እኔ ከሰገባው ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። ሰው በደንብ ካስረዱት ይገባዋል ብዬ አምን ነበር፤ በዚያ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ በሰፈሩ አልነበረም።

ጨርሰው አላዳመጡኝም።

«የከበደውን እጅ ቀይረነዋል» አሉ። «እጁ እንደ ላባ የቀለለ ሰው አግኝቻለሁ። አንተ ክርህን ፍታ፤ ደም ፈቺ ያደረገህ የለም።»

«እማማ፣ እጁ አይደለም የምልዎት፤ ደሙ ነው።»

«ደሙ የእኛ ደም ነው። ምን ጎደለው ልትለን ነው?»

ሚስትየው ይህን የሰማችው ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የጎደለው ደም የማን እንደሆነ እኔ ባልናገርም ታውቃለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ደግሞ እንደዚያ ያለ ዝምታ ያናድደኛል፤ ሰው እውነቱን እያወቀ እንዴት አፉን ይይዛል እል ነበር።

በቃል ካልሆነ በዓይናቸው ይዩት ብዬ ወሰንኩ። መጽሐፉ ላይ አንድ ሙከራ ነበር። ትኩስ ደም ሳይረጋ በቀንበጥ ከተመታ፣ ክሩ ቀንበጡ ላይ ይጠመጠማል። ታጥቦ ሲወጣ ነጭ ነው። የተረፈው ደም ደግሞ ክሩ ስለወጣለት ቢውል ቢያድር አይረጋም። ይህን ያየ ሰው፣ ደም የሚረጋው በክር እንጂ በእጅ ቅለት እንዳልሆነ ለመካድ አይችልም። ዘመዶቻቸው አራሷን ሊጠይቁ ሲመጡ በግ ይዘው መጥተው ነበር። ባልየው ሲያርድ ደሙን እንድቀበለው ጠየቅሁት። «ለድመትህ ነው?» አለኝ። ድመት የለኝም፤ ቢሆንም እሺ አለ።

የአንገቱን ደም በነጭ የብረት ሳህን ተቀበልኩ። ከመጥረጊያ የመዘዝኳቸውን ጭራሮዎች አስሬ ያዘጋጀሁት ነበር፤ በዚያ ቶሎ ቶሎ መታሁት። እንፋሎቱ ገና አላቆመም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጭራሮው ከበደኝ። አውጥቼ ከቧንቧው ሥር አጠብኩት። ቀይ ሆኖ የገባው ጭራሮ ነጭ ነገር ተጠምጥሞበት ወጣ፤ ርጥብ፣ የሚለጠጥ፣ ክር። መጽሐፍ ላይ ሳነበው አምኜው ነበር፤ በእጄ ስይዘው ግን፣ እውነቴን ነው፣ ለሚመለከተኝ ሁሉ እጄን ከፍ አድርጌ ላሳይ ቃጣኝ።

ለባልየው ሰጠሁት። ልብስ ሰፊ ነው፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ አሸው፣ ሳብ አደረገው፣ ለቀቀው።

«ክር ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ይኸው። የልጅህም ደም ውስጥ ይሄ አለ። የሚጎድለው ይሄን በጊዜው የሚያያይዝለት ነው። ሳህኑ ውስጥ የቀረውን እየው፤ ከእንግዲህ አይረጋም።»

ሳህኑን አየ፣ ክሩን አየ። ፊቱ ሲለወጥ ተመለከትኩ። ያን ጊዜ አሸንፌ ነበር፤ ይህን ማንም ሊወስድብኝ አይችልም። ለእናቱ እንዴት እንደሚነግራቸው እየጠየቀኝ ሳለ እናትየው አመድ በቁና ይዘው ብቅ አሉ።

አመዱ ለደሙ ነው። የአራስ በግ ደም መሬት ላይ ይፈሳል፣ አመድ ይለብሳል፤ ያ ነው ወጉ። በዕቃ አይቀበሉትም። በዕቃ የሚቀበለው ለዛር የሚገብር ወይም በሰው ላይ የሚያስደግም ነው። እኔ ይህን አላውቅም አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ ሳይንስ እየሠራሁ እንደዚያ ያለ ነገር ቦታ አለው ብዬ አላሰብኩም እንጂ። እሳቸው ያዩት ግን ይህን ነው፦ የአራሷ በግ ደም በሳህን፣ የማይረጋ፤ እኔ ጭራሮ ይዤ፤ ልጃቸው ከደሙ የወጣ ነጭ ክር በጣቱ እያሸ።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«የልጄን ልጅ ደም ፈተልከው» አሉኝ፤ አመዱንም ሳህኔ ውስጥ ገለበጡት።

በማግስቱ ወሬው እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሷል። የመጋዘኑ ወዛደሮች፣ ዶክተር ቦንዳ፣ ብርድ ገብቷል፣ ለኔም አንድ ጋቢ ፈትልልኝ እያሉ ተሳለቁ። የሚያላግጠውስ ግድ የለም። የከፋኝ ትናንት እጄን ይጨብጠኝ የነበረው ሰው ዛሬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሰላም ሲለኝ ነው። ባልየው ደግሞ በገዛ ጣቱ የዳሰሰውን ክዶ፣ ቧንቧው ጋ ሲያገኘኝ ባልዲው ሳይሞላ ጥሎ ይሄዳል። ሰው የነካውን እንዴት አልነካሁም ይላል? እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ አልሄድኩም። ገራዡን ራሱን ላገኘው ቆርጬ በሬ ላይ ቆምኩ። እሱ ባለሙያ ነው፤ ደም ሲረጋና ሳይረጋ በቀን በቀን ያያል፤ ከሌላው ይልቅ እሱ ይረዳኛል አልኩ። ምን እንደምል በልቤ ደርድሬ ጨርሻለሁ፤ ከሰገባው ልጀምር፣ ወደ ክሩ ልለፍ፣ በወንድሟ ላጠቃልል።

ገራዡ ሸምገል ያለ፣ ልብሱ ንጹሕ ሰው ነበር። ምላጩ በቆዳ ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር ነው። እናትየው ግን ከእኔ ቀድመው በሩ ላይ ያዙት። አስቀድሞ ጠበል ይረጭ እንደሆነ ሊያማክሩት ፈልገው፣ በግቢው የሆነውን ነገሩት። ሽማግሌው የየትኛው በግ ደም እንደሆነ ጠየቀ። የአራሷ አሉት። ወደ ደጄ ዞሮ፣ አመድ የሞላውን ሳህን አየ።

«ደም የተፈተለበት ልጅ ላይ ምላጭ አልፈታም» አለ።

እናትየው ደነገጡ። ጠበል እናምጣ፣ ሌላ ግቢ እንውሰደው አሉ። እሱ ግን የተነካው ልጁ እንጂ ግቢው ስላልሆነ የትም ቢወሰድ ያው እንደሆነ ነገራቸው። ክርስትና ይነሳ፣ ይደግ፣ ያኔ እናያለን አለና ቆዳውን ወደ ብብቱ መለሰ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ስንት የደከምኩበት እውቀት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ዓይኔን ያፈሰስኩበት፣ በሰው ፊት ጥንቆላ ሊባል ነው። ወደ በሩ ተራመድኩ።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ። ይህ ጥንቆላ አይደለም። ላስረዳዎት።»

ቆመ። ያናደደኝ ይህ ነው፤ እውነተኛ አድማጭ ነበር። በዚያ ሰፈር ውስጥ ስኖር መጀመሪያ ያገኘሁት አድማጭ እሱ ነው። ዘወር ብሎ ፊት ለፊት አየኝ።

«እሺ፣ አስረዳኝ» አለ። «ጥንቆላ ካልሆነ ሥራዬን እሠራለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት የጎረቤቴ በር ተከፈተ። አራሷ ነበረች፤ መውጣት የማይገባት፣ በነጠላ ተከናንባ፣ ልጁን ታቅፋ። አማቷ ወደ ውስጥ ግቢ አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዝም ይበሉ።»

ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሁሉን ሰምታለች፤ ከሁሉም በላይ የገባት እሷ ነበረች። እኔ ንጹሕ ሰው መሆኔን ባስረዳ ሽማግሌው ምላጩን ይፈታል። ያስረዳሁትም ቢገባው ገና ግማሹ ላይ ነው የሚገባው፤ ጥንቆላ አለመሆኑ ቀድሞ፣ የልጁ ደም ጉድለት ከዚያ ወዲያ። ምላጩ ግን ከእኔ ንግግር ይፈጥናል።

«ያሉኝ እውነት ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ ሽማግሌው።

«ደሙን ነክቻለሁ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በልቤ የደረደርኩት ሁሉ፣ ሰገባው፣ ክሩ፣ ወንድሟ፣ እንደተደረደረ ቀረ። ሰዎች ስለ ረሃብና ስለ እስር ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ከባድ ነገር ትክክል ሆኖ አፍ መዝጋት ነው፤ ያን ያህል ትክክል ሆኖ ያን ያህል አፉን የዘጋ ሌላ ሰው መርካቶ አላየችም።

ልጁ ሳይገረዝ ክርስትና ተነሳ። መዳህ ሲጀምር ጉልበቱ በለዘ፣ አበጠ። ያኔ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ያላቸውን ሁሉ ሚስትየው ቆይታ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ደሙ በጊዜው አይረጋም፣ ከእናቱ ወገን የመጣ ነው፣ ተገርዞ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። ከነገርኳቸው አንዲት ነገር አልጨመረም። ምን ያህል ዓመት ተምሮ እዚያ እንደደረሰ አላውቅም፤ እኔ በአንድ ክረምት ደርሻለሁ።

አሁን ፍትሕ አገኘሁ ትሉ ይሆናል። እናትየው ከሆስፒታል ሲመለሱ መሃል ግቢ ቆመው ተናገሩ። የልጁ ደም አለመርጋቱ እኔ ስለፈተልኩት ነው፤ ሐኪሙም አረጋገጠ። ልጁ መትረፉ ደግሞ ገራዡ በመንፈስ አይቶ ምላጩን ስለከለከለ ነው፤ ሐኪሙ ይህንንም አረጋገጠ። በሽታው የእኔ፣ ማዳኑ የሽማግሌው ሆነ። እኔ ለጥፋቱ ብቻ ተጠርቼ ለልማቱ አልተጠራሁም። ለሽማግሌው በየበዓሉ ሙክት ሥጋ ይላክለት ነበር። በደጄ ሲያልፍ እጄ ሳላዝዘው ይዘረጋል ብዬ እሰጋ ነበር፤ ልይዘው፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልነግረው። አልያዝኩትም። ልጁ ገና ይገረዝ ሊባል በሚችልበት ዕድሜ ላይ ነበር።

እናትየው ያንን እምነታቸውን ይዘው አረፉ። ሽማግሌውም። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ በአባቱ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋል። እኔም እዚያው ግቢ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነኝ። ለበዓል በግ ሲታረድ ዛሬም ወጉ አልቀረም፤ እናቱ፣ ያች ጸጥ ያለችው ሴት፣ አመዱን በቁና ይዛ ቀድማ ትወጣለች፣ ደሙ እንደወረደም ታለብሰዋለች፤ ጎረቤት ያያል። ግን በእኔ መስኮት በኩል የመዳፍ ስፋት ያህል ሳታለብስ ትተወዋለች። በዚያ በኩል ቁናውን እንደያዘች ዞር ትላለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። እኔ መስታወቱ ላይ ተደግፌ እጠብቃለሁ። ደሙ መጀመሪያ ያበራል። ከዚያ ዳሩ ይደበዝዛል፣ ቀስ እያለም ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ይረጋል። እሷ ያኔ ተመልሳ የቀረውን አመድ ታለብሰዋለች።